አምስት አሳ በልተን የአራት ከፈልኩ!

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤት ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ ወደ ፍቅር ከገባሁ ግን አትታዘቡኝ። እኔም የሄድኩት አሳ ልበላ ነበር… የገጠመኝ ሌላ ሆነ እንጂ።

ከፍቅረኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት አልፎናል። እሷ አንድ ሱፐር ማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። እኔ ደግሞ እንደምታዩት እየጻፍኩ ይከፈለኛል፤ ሲከፈለኝ ማለቴ ነው። የምንገናኘው ካፌ ነው። ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ኬክ በሁለት ሹካ፣ ደሞዝ ሰሞን ደግሞ በርገር። የካፌን ፍቅር መቼም ለእናንተ አላስተምርም። ፀጉር ተበጥሮ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ አስተናጋጇ "እህት ይቅርታ" እየተባለች… እዛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጨዋ ነው። እኔም ጨዋ ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤ አጎቴንና አንድ የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ለምኜ፣ "እሺ ቀኑን ንገረን" ብለውኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በፊት አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብለን ብንውልስ አልኳት። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ክትፎ አይታሰብም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጓደኛ አለኝ፤ በአዋሳ መንገድ ያልበላበት ቤት የለም። "ዝዋይ አንዲት ጉደኛ ቤት አለችልህ" አለኝ። "ታፔላ የላት፣ ሜኑ የላት፣ ሹካ የላት! ባለቤቷ ሒሳቡን የሚያሰሉት በጭንቅላት ነው።" እኔ ሴትዮዋ ሒሳብ አዋቂ ናቸው ማለቱ መስሎኝ "እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እንኳ ካልኩሌተር እፈልጋለሁ" ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። የምንስቀው በአንድ ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ከደረስኩ በኋላ ነው።

እሁድ በጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ዝዋይ ከአዲስ አበባ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ መታጠፍ ነው። ከዛ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ። ከተማዋ አሁን ስሟ ባቱ ነው፤ ረዳቱም የሚጣራው "ባቱ! ባቱ!" እያለ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አፍ ላይ የቀረው ግን ዝዋይ ስለሆነ እኔም እንደለመድኩት ልጻፈው። ወይዘሪት መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ ትከሻዬ ላይ ተኝታ… ብቻ መሄዱስ ደስ ይል ነበር።

ቤቷን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅን። ሦስቱም "እትዬ ጋ ነው?" ነበር ያሉን። ቆርቆሮ ክዳን፣ የተወለወለ ግቢ፣ በሩ ላይ የተደፋ ያረጀ ታንኳ። ታንኳው አግዳሚ ወንበር ነው፤ ጠረጴዛ እስኪለቀቅ ሰው እሱ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ውስጥ ያሉት ጠረጴዛዎች አራት ብቻ ናቸው። ግድግዳው ደግሞ በካላንደር ተሸፍኗል፤ የዘንድሮ፣ የአምና፣ የካቻምና፣ ከዛም ወዲያ የነበሩ… አንዱ በአንዱ ላይ ሳይነሳ። አንድ ደንበኛ "እትዬ፣ አሮጌዎቹን ለምን አያነሷቸውም?" ቢላቸው "ኖሬበታለሁ እኮ፣ እንዴት እጥለዋለሁ?" አሉት። ፍቅረኛዬ ይቺን ሰምታ ሳቀች። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ሴትዮዋን እንደወደደቻቸው አወቅሁ።

እትዬ የዛይ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ሐይቁ መሀል ደሴት ላይ ነው። ላልሰማችሁ፣ ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችበት። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት እዛ ተቀምጣለች የሚባልላት ናት። ዛይዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ አሳና ታንኳ ደግሞ የአባት የአያት ሥራቸው ነው። እንግዲህ የእኚህን ሴትዮ አሳ ልተች ብትል የሚሰማህ የለም።

አሁን ወደ ቤቱ ሕግ ልምጣ፤ ብዙ ስለሆነ የገረመኝን ብቻ ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ግን እጅ የሚያስታጥቡት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ በጆግና በሳፋ፣ ጎንበስ ብለው። እንዴ፣ በእናታችን የምትሆን ሴት መታጠብ! ተነስቼ ጆጉን ልቀበል ብል "ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ በዚሁ ነው የማይህ" አሉኝ። እውነትም ያዩኛል። እጄን አይተው "የቢሮ ልጅ ነህ" አሉ። የእሷን አይተው ደግሞ "አንቺ ብር ትቆጥሪያለሽ" አሏት። በጣቷ ምን እንዳዩ እስካሁን አይገባኝም። እሷ ግን አልገረማትም፤ "አዎ እናቴ" ብቻ አለች።

ሜኑ የለም ማለት "ምን ይምጣላችሁ?" የሚል ጥያቄ የለም ማለት ነው። የሚመጣው ጠዋት ከሐይቁ የወጣው ነው። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይነሳል፤ ያ ሲያልቅ ምግብ አለቀ። ከሰባት ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ደግሞ የሚሠሩት ቆሮሶ ብቻ ነው። "አምባዛ የለም?" ብዬ ነበር፣ እንደው አዋቂ ለመምሰል። "አምባዛ እንግዳ ነው፣ እኛ ቤት አይገባም" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ ግን እውነት አላቸው። ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ ናት፣ አምባዛና ካርፕ የሚባለው አሳ ግን ከሌላ ቦታ የገቡ ናቸው። አንዳንድ ሰው ደግሞ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ በሃይማኖቱ ምክንያት አይበላውም። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን እኔ አልገባበትም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

አሳዋ የምትመጣው ሙሉዋን ነው፤ ከነጭንቅላቷ፣ ጎኗ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ጢስስ ብላ። ከላይ ጥርት ያለ ቅርፊት የመሰለ ጥብስ፣ ከውስጥ በረዶ የመሰለ ሥጋ። አጠገቧ ዳጣ። የዛች ሴትዮ ዳጣ… ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ አንዴ ከቀመስከው አይንህ እንባ እያዘለ እጅህ ግን አይመለስም። እንጀራም ዳቦም አለ። ሹካ የለም። በሁለት እጅ ገንጠል፣ እሾኋን ለየት፣ ዳጣው ውስጥ ጠለቅ። ለሁለት ሰው ለየብቻ ሳህን ብትጠይቅ "ተጣልታችኋል እንዴ?" ትባላለህ። አብረው የመጡ ሰዎች የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። አሳውም አንድ ባንድ ነው የሚመጣው፤ አንዷ ስታልቅ ሌላዋ ትኩሷን። "በቃን" እስክትል።

እስቲ መሀል ላይ አንድ ሁለት ነገር ልምከራችሁ፣ ይሄ የምክር ገጽ ነውና። እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ጥሬ አሳ ገበያ ላይ የምትገዙ ከሆነ አይኗን እዩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ እንጂ የደፈረሰና የሰጠመ አይሁን። ስንጥቧን ገልጣችሁ ቀይ መሆኑን እዩ። በጣት ስትጫኗት ሥጋው ተመልሶ ከሞላ ደህና ናት። ጥሬውን በአዋዜ ካልበላን የምትሉ አራዶች ደግሞ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ጥሬ አሳ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ትል ሊሰጣችሁ ይችላልና ጥብሱ ይሻላችኋል። ሌላው፣ ዋጋ ሳትጠይቁ አትቀመጡ። ዋጋውን እዚህ ብጽፍላችሁ ጋዜጣው ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይጨምርና ታሙኛላችሁ።

እና ደግሞ ትሪው ላይ የምትመጣው አሳ ትንሽ ናት ብላችሁ አታጉረምርሙ። አጠገባችን የነበረው ሰው አጉረምርሞ ነበር። እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። "የእኔ አባት በእንዲህ ያለችዋ አያፍርም ነበር? ወደ ውሃ ነበር የሚመልሳት" አሉት። "አሁን ግን የምትመጣው ይቺው ናት።" የመረቡ ቀዳዳ ጠበበ፣ አጥማጁ በዛ፣ ውሃው በሞተር ተስቦ ለአትክልቱና ለአበባው እርሻ ይሄዳል፣ እምቦጩም ገብቷል። ሐይቁ ደግሞ ሲያዩት ባሕር ይምሰል እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ ሦስት ሜትር አይሞላም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ጆጉን እንደያዙ ነው። ሰውየውም አሳውን ዝም ብሎ በላ።

እኛ አምስት በላን። እሷ ሁለት፣ እኔ ሦስት። አፌን ሞልቼ "ለክቡ ጉርሻ" እያልኩ ሁሉ አጎረስኳት፤ ካፌ ውስጥ አድርጌው አላውቅም። እግራችን ሥር አንዲት ነጭ ድመት ነበረች። ካጎረስኩ አይቀር ብዬ የመጨረሻዋን አሳ ከነጭንቅላቷ፣ ከነእሾኋ አንስቼ ወረወርኩላት። ድመቷ ይዛት ወጣች። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለኝም፤ በማንም እምላለሁ።

"በቃን" አልን። እትዬ መጡ። ወረቀት የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ጣታቸውን ወደ ትሪው ዘርግተው የአሳዎቹን ጭንቅላት መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። "የአራት አሳ" አሉ።

በጭንቅላት ማለት ለካ ይሄ ነው!

ወዳጆቼ፣ "አምስት ነው እትዬ፣ አንዱን ለድመት ሰጥቻለሁ" ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እኔ ግን ፍቅረኛዬን በአይኔ ጠቀስኳትና የአራት ከፈልኩ። ይባስ ብዬ መልሱን ለአስተናጋጇ ልጅ ቲፕ ብዬ ተውኩላት፤ ቸር ለመምሰል። እሷ "እጄን ልታጠብ" ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ቆየች። እኔ ታንኳው ላይ ተቀምጬ ጥርሴን በእንጨት እየጎረጎርኩ ጠበቅኋት።

ከዛ ሐይቁ ዳር ወረድን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተደርድረው ቆመዋል። ፎቶ አነሳኋት። ፎቶው ላይ አትስቅም፤ ያየሁት ግን በኋላ ነው።

ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ቀልዱ ተጀመረ። የእኔ ቀልድ ማለቴ ነው። "በድመት የተደገፈ አሳ በልተሽ ታውቂያለሽ? አንድ በነጻ! አራዳ ማለት እንዲህ ነው" እያልኩ። ፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። እሷ መስኮት ታያለች። መቂን አለፍን፣ አለም ጤናን አለፍን። ሞጆ ልንደርስ ስንል እንዲህ አለችኝ፤

"ባለፈው ወር ካዝናዬ ላይ ጎደለ ብዬህ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"ከደሞዜ እንደቆረጡብኝም ነግሬሃለሁ።"

"አዎ…"

"አንድ ሰው ነው። መልስ በስህተት አብልጬ ስሰጠው አይቷል። አይቶ ቆጥሮ ወደ ኪሱ ከተተው። ካሜራው ላይ አየሁት። ከጓደኛው ጋር እየሳቀ ነው የወጣው።"

ከዛ ጓሮ የሰማችውን ነገረችኝ። ወጥ ቤት ያለችው ሴት የምታወጣውን አሳ ቆጥራ ትይዛለች። ማታ ከእትዬ የጭንቅላት ቁጥር ጋር ይመሳከራል። የጎደለው የሚቆረጠው ከዛች ከምታመላልሰው ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። ወጥ ሠሪዋ "ለአንደኛው ጠረጴዛ አምስት አውጥተሻል፣ የቆጠሩት አራት ነው፣ አንዷ የት ገባች?" ስትላት ልጅቷ አይኗ እንባ ሞልቶ ሰማይ ታያለች። እጄን ልታጠብ ያለችው ፍቅረኛዬ አጠገባቸው ነበረች።

"እና ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ከፈልኩ።"

ከዛ በኋላ እስከ ቃሊቲ አልተነጋገርንም። እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም፣ ጥፋቴ ይገባኛል፤ ግን ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው። ለአንድ አሳ? ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳየኋት ደግነት ለአንድ አሳ? "አጋነንሽው" አልኳት ስንወርድ። "ሊሆን ይችላል" አለች። በሳምንቱ "ሽማግሌዎቹ ትንሽ ይቆዩ" የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስልክ አታነሳም። ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ ሄደ። አጎቴ "እንዴት ነው ነገሩ፣ ጋቢዬን አሳጥቤ እየጠበቅሁ ነው" ይለኛል። ምን እለዋለሁ? አሳ ነው ልበለው?

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ብቻዬን ዝዋይ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ለልጅቷ የሆነ ነገር ልሰጣት፣ እትዬንም ይቅርታ ልጠይቅ መሰለኝ።

እትዬ ጆጋቸውን ይዘው መጡ። እጄን አይተው አወቁኝ። "ያቺ ብር ቆጣሪዋስ?" አሉኝ። "አልመጣችም" አልኩ። ብቻውን የመጣ ሰው ለብቻው አይቀመጥምና ሁለት የሲኖ ሹፌሮች ትሪ ላይ ቀላቀሉኝ፤ የየራሳችንን ጭንቅላት በየፊታችን ጠርዝ ላይ እንደረድራለን። ያቺ ነጭ ድመት እግሬ ሥር መጣች። ምንም አልሰጠኋትም።

በልቼ ስጨርስ ተነስቼ እትዬን ወደ ጥግ ጠራኋቸውና ነገርኳቸው። ሁሉንም። እንደማውቅ፣ አውቄ ዝም እንዳልኩ፣ እንደሳቅሁበት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይ አራዳ!

ሴትዮዋ ቅንድባቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩኝ። "አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?" አሉ።

"አዎ።"

"እሷ እንዲህ አይደለም ያለችኝ። 'ድመቷ ይዛው ስትሄድ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፣ እሱ አላየም፣ ቢያውቅ ይደነግጣል' ብላኝ ነው የከፈለችው።"

ይቺን ነው ያልጠበቅኋት። ጆጉን እንደያዙ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ታንኳው ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ወዲያው መነሳት አቃተኝ። ልጅቷ መጥታ "መልስዎን ረስተዋል" ብላ ብሩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ላንቺ ነው" ብላት "ብዙ ነው፣ እትዬን ልጠይቅ" ብላ ተመለሰች።

ሞጆ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ… ሊዘጋ ሲል አነሳችው።

"የት ነህ?"

"ሞጆ። ከዝዋይ እየመጣሁ ነው።"

ዝም አለች። ከኋላዋ የካሸር ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ሲል ይሰማኛል።

"ስንት በላህ?"

"ሁለት።"

"ስንት ከፈልክ?"

"ሁለት።"

"እሺ፣ ደንበኛ መጥቷል" አለችና ዘጋችው። ማታ ስደውል አነሳች። በነጋታውም አነሳች። አጎቴና ያ የሰፈራችን ሰው ግን እስካሁን አልተላኩም፤ ጋቢያቸው ታጥቦ ተሰቅሏል።